የታማሚ ልጆች ወላጆች «ተመስገን» ሲሉ የሕይወት ጥራታቸውን እንዴት እንለካ?

ጥያቄ፦
በባሕር ዳር ለሁለተኛ ዲግሪ ማሟያ ጥናቴ፣ በሩማቲክ የልብ ሕመም (የጉሮሮ ሕመም መዘዝ ሆኖ የልብ ቫልቮችን በሚጎዳ ሕመም) የሚታከሙ ልጆችን ወላጆች የሕይወት ጥራት ለመለካት እየተዘጋጀሁ ነው። የያዝኩት የዓለም ጤና ድርጅት ባለ 26 ጥያቄ አጭር መጠይቅ ሲሆን፣ አካልን፣ ሥነ ልቦናን፣ ማኅበራዊ ግንኙነትንና አካባቢን በ4 ዘርፍ ከፍሎ ስላለፉት 2 ሳምንታት ይጠይቃል። ችግሩ የሚጀምረው ገና ከመጀመሪያው ጥያቄ ነው። «የሕይወትዎን ጥራት እንዴት ይመዝኑታል?» ብዬ ሳነብ፣ ብዙዎቹ «ተመስገን ነው» ብለው ዝም ይላሉ። አንዲት እናት የቀጠሮ ካርዱን በነጠላዋ ጫፍ እንደቋጠረች፣ ሦስት ሌሊት በቅጡ እንዳልተኛች አጫውታኝ ሳትጨርስ፣ መልሷ ያው «ተመስገን» ሆነ። «ጥሩ» ብዬ ልመዝግበው?

በሕፃናት ክፍል የምትሠራ ነርስ፦
አይመዝግቡት። «ተመስገን» የአምላክ ምስጋና እንጂ የኑሮ ምዘና አይደለም፤ ምስጋናውን በአክብሮት ይቀበሉና አምስቱን አማራጮች ደግመው አንብበው ምርጫውን ለራሳቸው ይተዉላቸው። እኔን ይበልጥ የሚያሳስበኝ 4ኛው ጥያቄ ነው። የዕለት ኑሮዎን ለመምራት ሕክምና ምን ያህል ያስፈልግዎታል ሲባሉ፣ እናቶች የሚመልሱት ሕመሙ እንዳያገረሽ ልጃቸው ስለሚወጋው መርፌ ነው፤ ስለዚህ «የምጠይቀው ስለ እርስዎ ጤና ነው» ብሎ ማስረገጥ ያሻል። ይህ ጥያቄ እንደ 3ኛውና እንደ 26ኛው ነጥቡ የሚገለበጥ መሆኑንም (ከፍተኛው ቁጥር የባሰውን ስለሚያሳይ 5 የተባለው 1 ተብሎ ይቆጠራል) አይርሱ። ቃለ መጠይቁንም ሐኪም በሚሰማበት ክፍል አያድርጉት፤ ብታማርር ልጇ የሚጎዳባት የሚመስላት እናት ብዙ ናት።

ከዘጌ የሚመላለስ አባት፦
ልጄ የፔኒሲሊን መርፌውን የሚወጋው በየ4 ሳምንቱ ነው። ቀጠሮው ሲቃረብ የጀልባውንና የምሳውን ገንዘብ ማጠራቀም፣ ሥራ መፍታት፣ ልጁን «አያምህም» እያሉ ማባበል ይመጣል። ተወግቶ እያነከሰ ቤት ከገባና ሕመሙ ከበረደለት በኋላ ግን ሰላማዊ ቀናት አሉን፤ እኔም ወደ ቡናዬ የምመለሰው ያን ጊዜ ነው። እናንተ የምታገኙን በቀጠሮ ቀን ብቻ ከሆነ፣ የምትጠይቁን ስለ ጭንቀቱ 2 ሳምንታት ነው ማለት ነው። የቀሩትን ማን ይጠይቀን?

ጠያቂው፦
ይህን ፈጽሞ አላሰብኩትም ነበር፤ እግዚአብሔር ይስጥልኝ። ፔድስኪውኤል ከተባለው የልጆች የሕይወት ጥራት መለኪያ ውስጥ የቤተሰብ ጫና መጠይቁ 36 ጥያቄዎች ያሉት ሆኖ ያለፈውን 1 ወር ስለሚጠይቅ ዙሩን በሙሉ ያቅፋል፤ ጎን ለጎን እንድጠቀምበት አማካሪዬን እጠይቃለሁ። ካልሆነም ከወላጆቹ ግማሹን በቀጠሮ ቀን፣ ግማሹን ከመርፌው 2 ሳምንት በኋላ በስልክ አነጋግራለሁ። ለእርስዎ የትኛው ሰዓት ይመችዎታል?

ከዘጌ የሚመላለስ አባት፦
ማታ ከ1 ሰዓት በኋላ ይሻላል። ስልኩን ግን ለእናቱም እሰጣለሁ፤ ሌሊት ትንፋሹን የምታዳምጠው እሷ ናት።