ለ.308 የአደን ጠመንጃ ሳይለንሰር ልገዛ ነው፣ ምኑን አይቼ ልምረጥ?

ዝምታ_ፈላጊ
ሰላም ለሁላችሁ። ያለኝ ቦልት አክሽን (በእጅ እየተሳበ የሚጎርስ) .308 ነው፣ በርሜሉ 56 ሳንቲ፣ አፈሙዙ ላይ ሳይለንሰር የሚታሰርበት ጥርስ ከፋብሪካው ወጥቶለታል። ባለፈው አንድ የዱር አሳማ ላይ ሁለቴ ተኮስኩ፣ የጆሮ መከላከያዬን አውልቄው ነበር እና ግራ ጆሮዬ ጭው እንዳለ እስከ ማታ አልለቀቀኝም፣ ቤት ገብቼ ልጄ ስታወራኝ ራሱ ከሌላ ክፍል ሆና የምታወራኝ ነበር የመሰለኝ። በጣም ደነገጥኩ። ከዛ በኋላ ሳይለንሰር ሳልገዛ አደን አልወጣም ብያለሁ፣ ፍቃዱንም ጨርሻለሁ። ግን ምርጫው ግራ አጋባኝ፣ አንዱ ረጅምና ከባድ ነው ብዙ ዲሲቤል (የድምፅ መለኪያ) ይቀንሳል ይላል፣ ሌላው ቲታኒየም ሆኖ አጭርና ቀላል ነው ቁጥሩ ግን ያንሳል። ካርቶኑ ላይ ያለውን ዲሲቤል አይቼ ልወስን? ወደፊት ደግሞ 6.5 ክሪድሙር፣ አረሩ ከ.308 ቀጠን የሚል ጠመንጃ፣ ልጨምር አስቤያለሁ፣ ለሁለቱም አንድ ይበቃኛል?

ኮረብታ_ወጪ
እግዜር ይማርህ ወንድሜ። ግራህ መሆኑ ምክንያት አለው፣ በቀኝ ትከሻ ለሚተኩስ ሰው ወደ አፈሙዙ የሚዞረው ግራ ጆሮ ነው፣ ቀኙን ጭንቅላትህ ይከልለዋል።

የካርቶኑን ቁጥር ለብቻው አትመነው። ማይክሮፎኑ የት እንደቆመ፣ በምን ጥይትና በስንት ሳንቲ በርሜል እንደተለካ ካልተፃፈ የሁለት ካምፓኒ ቁጥር ጎን ለጎን አይቀመጥም። አፈሙዙ ጎን የተለካና ተኳሹ ጆሮ አጠገብ የተለካ በጣም ይለያያል፣ ላንተ የሚጠቅምህ ደግሞ የጆሮው ነው። ባዶ .308 ከ165 ዲሲቤል በላይ ይጮሃል፣ ደህና የሚባል ሳይለንሰር ከ25 እስከ 30 ቢቀንስልህ 140 አካባቢ ላይ ነው የምትደርሰው፣ 140 ደግሞ አንድ ተኩስ ብቻውን ጆሮ ሊጎዳበት ይችላል ተብሎ የተቀመጠው ወሰን ነው። ስለዚህ በፊልም እንደሚታየው ትፍ ብሎ የሚያልፍ ነገር አትጠብቅ። አረሩም ከድምፅ ፍጥነት በላይ ነው የሚሄደው፣ ድምፅ በሰከንድ 340 ሜትር ገደማ ነው ያንተ አረር 800 አካባቢ፣ ያ በአየር ላይ እንደ ጅራፍ የሚጮኸውን ምንም ሳይለንሰር አያጠፋልህም። ሳይለንሰሩ የሚያፍነው ከአፈሙዝ የሚወጣውን የባሩድ ጋዝ ነው። ከገዛህም በኋላ መከላከያህን አድርግ፣ ኤሌክትሮኒክስ ያለው ከሆነ ኮቴ እያሰማህ ተኩሱን ብቻ ይቆርጥልሃል። እኔ ሁለቱንም ነው የምጠቀመው።

ቶርኖ_ሰው
እኔ ስራዬ ቶርኖ ነው፣ ስለ ጥርሱ ልንገርህ ምክንያቱም ሰው ሁሉ ስለ ዲሲቤል እያወራ ይሄን ይረሳዋል። መጀመሪያ የጥርስህን ልክ እወቅ፣ 5/8 በ24 ይሁን ኤም 14 በ1 ወይ ኤም 18 በ1 መመሪያው ላይ አለ፣ በግምት አትግዛ፣ የሚቀራረብ ጥርስ ሁለት ዙር ገብቶልህ ሊያታልልህ ይችላል። ሁለተኛ ጥርሱ ከበርሜሉ ቀዳዳ ጋር አንድ መስመር ላይ መሆን አለበት፣ ሳይለንሰሩ የሚያርፍበት ትከሻም ቀጥ ያለ መሆን አለበት። አንዴ አንድ ሰው ጠመንጃው ድንገት ጥይት እዚህም እዛም መበተን ጀመረ ብሎ አመጣልኝ፣ ከውጭ ምንም የለበትም፣ ሳይለንሰሩን ፈትቼ በባትሪ ስመለከት የፊት ክዳኑ ቀዳዳ ጠርዝ ላይ እንደ ጥፍር ቁራጭ የጎበጠች የምታብረቀርቅ ጭረት አለች። አረሩ እየነካ ነበር የሚወጣው። ጥርሱ በእጅ የወጣ ነበር በዓይን የማይታይ ጥቂት ዘንበል ብሎ፣ ግን ጫፉ ላይ ሲደርስ ያቺ ትንሽ ነገር ትሰፋለች። ሳይቆይ ባያመጣው ኖሮ ሳይለንሰሩ ሊፈነዳ ይችል ነበር። ስለዚህ የፋብሪካ ጥርስም ቢሆን ጥይቱን አውጥተህ፣ ቦልቱን ነቅለህ፣ በልኩ የተሰራ ቀጥ ያለ የማረጋገጫ ዘንግ በበርሜሉ አስገብተህ በሳይለንሰሩ መሀል መሀል መውጣቱን እይ። ተጨፍልቆ የሚያጠብቀውን ዋሸር ደግሞ እንዳታስገባ፣ እሱ ራሱ ያዘነብለዋል።

ለ6.5ቱ አዎ፣ የ.30 ሳይለንሰር፣ ማለትም ለ.308ህ የሚሆነው፣ ይሰራል፣ ቀዳዳው ሰፋ ስለሚል ትንሽ ድምፅ ይጨምራል እንጂ ችግር የለውም። ተቃራኒው ግን በፍፁም፣ የ6.5 ሳይለንሰር .308 ላይ እንዳታስር። አምራቹ የፈቀደውን የካሊበር (የጥይት ልክ) ዝርዝርና አጭሩን የበርሜል ልክም አንብብ።

ጫካ_ወዳድ
እኔ ከሁሉ በፊት የማየው ክብደቱን ነው ከላይ ካሉት ትንሽ እለያለሁ። አፈሙዝ ጫፍ ላይ ያለ 300 ግራምና 600 ግራም ሱቅ ውስጥ ልዩነቱ አይታወቅህም፣ አምስት ሰዓት ተሸክመህ ከሄድክ በኋላ ቆመህ ስታነጣጥር ግን ጠመንጃው ወደ ፊት ወደ ፊት ይልብሃል። ባንተ 56 ሳንቲ ላይ 20 ሳንቲ ስትጨምርበት ደግሞ ቁጥቋጦ ሁሉ ይይዘዋል። ለአደን ቲታኒየሙን እመርጣለሁ፣ ወይ ደግሞ ግማሹ ወደ ኋላ በርሜሉን አልፎ የሚለብሰውን ዓይነት፣ እሱ ርዝመት ብዙ አይጨምርም፣ በርሜልህ ውፍረት ይገባለት እንደሆነ ብቻ ለካ። ቲታኒየም በተከታታይ ብዙ ተኩስ ሲግል አይወድም፣ አደን ላይ ግን አንድ ሁለት ጥይት ነው። ኢላማ ቦታ ብዙ የምትተኩስ ከሆነ ብረቱ ይሻልሃል። እና ሰደፉ የሚመታህ በጣም ይቀንስልሃል፣ እኔ አሁን አረሩ የት እንደመታ በስኮፕ አያለሁ፣ ድሮ ጠመንጃው ሲዘል አውሬውን አጣው ነበር።

ዝምታ_ፈላጊ
እናንተ ባትኖሩ ረጅሙን ገዝቼ ነበር። እሺ ወደ ኋላ የሚለብሰውን የ.30 ልወስድ ነው፣ ዘንጉንም አብሬ። አንድ ነገር፣ ስኮፑ አሁን ያለ ሳይለንሰር ነው ዜሮ የተደረገው (አረሩ ያነጣጠርኩበት እንዲያርፍ የተስተካከለው)፣ እንዳለ ይቀጥላል?

ኮረብታ_ወጪ
አይቀጥልም፣ ጫፉ ላይ ክብደት ስትጨምር በርሜሉ የሚንቀጠቀጥበት ሁኔታ ስለሚቀየር አረሩ ሌላ ቦታ ነው የሚያርፈው፣ አብዛኛውን ጊዜ ዝቅ ይላል። አስረኸው እንደ አዲስ ዜሮ አድርግ። ከዛ ፈትተህ መልሰህ አስረህ ሶስት ጥይት ተኩስ፣ እዛው ቦታ ከገባ ልታምነው ትችላለህ። ሲግል ስኮፑ ፊት አየሩ እንደ ውሃ ይንቀጠቀጥብሃል፣ ያኔ ቆም በልና ይቀዝቅዝ።

ቶርኖ_ሰው
ከአደን ስትመለስ ደግሞ ጠመንጃው ላይ እንዳትተወው። ውስጡ እርጥበትና የባሩድ ጥላሸት ይቀራል፣ አፈሙዙን ወደ ላይ አድርገህ ካቆምከው ያ ሁሉ ወደ በርሜሉ ይወርዳል። ፍታው፣ ክፍት ቦታ ላይ ይድረቅ፣ ጥርሱ ላይ ክዳኑን መልስ።