ያለ ብየዳ የሞተር ባትሪ ማስቀመጫ

ጥያቄ፦ የሞተሬን ባትሪ ማስቀመጫ ዝገት በልቶታል። ባትሪው 12 ቮልት፣ 7 አምፒር-ሰዓት ነው። ሻንሲው አጠገብ ብየዳ አልፈልግም። ከፒያሳ ነኝ፤ ምን ገዝቼ ልሥራው?

— 2 ሚሊ ላሜራ መርካቶ፣ ምናለሽ ተራ ፈልግ። መጀመሪያ በካርቶን ቅርጹን አውጣ፤ በየጎኑ ለጎማ 3 ሚሊ ጨምር። ሞርሳ ላይ አስረህ በመዶሻ እጠፈው። ሻንሲውን ግን እንዳትበሳ! በዩ ቦልት (እንደ U በታጠፈ ቡሎን) እሰረው፣ መሃሉ ጎማ ይግባ። ቡሎኑ 6 ሚሊ፣ ቀዳዳው 6.5። ዳዶው ውስጡ ፕላስቲክ ያለው ይሁን፤ ተራው በኮብልስቶን ንዝረት ይላላል። ባትሪው ከተንቀጠቀጠ ደግሞ የውስጡ ሊድ (እርሳስ) እየረገፈ ቶሎ ይሞታል።

— አሉሚኒየም ከመረጥክ እጥፋቱን ሹል አታድርገው፣ ይሰነጠቃል። የላይ ማሰሪያውን ከአሮጌ ከመነዳሪ ቁረጥ። የብረት ማሰሪያ ከላላ ፖዘቲቩን ነክቶ ሾርት ያደርጋል።

— የአሲድ ከሆነ መተንፈሻ ቱቦውን ከሰንሰለቱ አርቀህ ወደ ታች አውርደው። ስትፈታ ኔጌቲቭ ይቅደም፣ ስትገጥም ይከተል።

ጠያቂ፦ ደረቅ ባትሪ ነው፤ ቱቦ የለውም። በጎኑ ባስተኛውስ?

— ድፍን ከሆነ ይቻላል፣ ተገልብጦ ግን አይሁን።