የቻይና ኩባንያዎች ሰው አገር ገብተው ፋብሪካ የሚተክሉት ማን ልኳቸው ነው?

መነሻ፦ የቻይና ኩባንያዎች ዕቃቸውን ከአገራቸው ጭነው መሸጥ እየቻሉ ውጭ አገር ፋብሪካ የሚተክሉት፣ ማዕድን የሚገዙት ለምንድን ነው? መንግሥታቸው ልኳቸው ወይስ ትርፍ ጠርቷቸው? (ዓመቶቹ በሙሉ እንደ አውሮፓ አቆጣጠር ናቸው።)

አባ ሙግት፦ ይህማ ምን ያከራክራል? «ወደ ውጭ ውጡ» የሚለው መመሪያ የመንግሥት ነው፤ ብድሩም ከመንግሥት ባንክ ይመጣል። የቻይናው የማዕድን ኩባንያ ሲኤምኦሲ በ2016 የኮንጎውን የቴንኬ ፉንጉሩሜ መዳብና ኮባልት ማዕድን አብላጫ ድርሻ ከአሜሪካው ፍሪፖርት በ2.65 ቢሊዮን ዶላር ሲገዛ ነጋዴ ብቻውን የወሰነው ይመስላችኋል? ኮባልት እኮ የባትሪ ጥሬ ዕቃ ነው። የእኛም የጅቡቲ ባቡር በዚያው መንገድ የመጣ ነው።

ቀረጥ ፈታሽ፦ ባቡሩን ከዚህ አውጣው። እርሱ ከቻይናው ኤክዚም ባንክ የተበደርነው፣ እኛው የምንከፍለው ዕዳ ነው፤ ተቋራጩ ሠርቶ ሒሳቡን ተቀበለ። በቀጥታ ኢንቨስትመንት ግን ባለሀብቱ ከከሰረ ራሱ ይከስራል። ሁለቱን ሳንለይ ብንከራከር እስከ ነገም አንግባባም። ሲኤምኦሲም ቢሆን ትልቁ ባለአክሲዮኑ የግል ድርጅት ነው።

ብዙዎቹን ከአገራቸው የሚያስወጣቸው የሌላ አገር ሕግ ነው። ኢንዶኔዥያ ያልተቀነባበረ የኒኬል ማዕድን እንዳይወጣ በ2014 ከለከለች፣ መሃል ላይ አላላች፣ በ2020 መልሳ ዘጋች። ኒኬሉን የሚፈልጉት የቻይና ኩባንያዎች፣ ጺንግሻንን ጨምሮ፣ ማቅለጫቸውን ሱላዌሲ ደሴት ሞሮዋሊ ላይ ተከሉ። አውሮፓም እንዲሁ ነው፦ ኅብረቱ በ2023 በቻይና የኤሌክትሪክ መኪኖች ድጎማ ላይ ምርመራ ከፈተ፤ የቻይናው መኪና አምራች ቢዋይዲ በዚያው ዓመት መጨረሻ ሀንጋሪ ሴገድ ውስጥ ፋብሪካ እንደሚሠራ አስታወቀ። በ2024 ከቻይና በሚልከው መኪና ላይ ከመደበኛው 10 በመቶ ቀረጥ ሌላ 17 በመቶ ተጫነበት። እዚያው ሀንጋሪ የሚመረተውን መኪና ይህ ቀረጥ አያገኘውም።

የዱከም ሰው፦ የቻይናውን ጫማ አምራች ሁዋጂያንን ለምን ረሳችሁት? በ2012 እዚሁ ዱከም፣ ምሥራቅ ኢንዱስትሪ ዞን ውስጥ ጫማ መሥራት ሲጀምር በአገሩ ጓንግዶንግ ላይ ደመወዝ ንሮበት ነበር። እዚህ ርካሽ ጉልበት አገኘ፤ አቶ መለስም ጋብዘውታል። በዚያ ላይ አጎዋ የሚባለው የአሜሪካ የንግድ ዕድል ነበር፦ ዱከም የተሰፋ ጫማ አሜሪካ ያለ ቀረጥ ይገባ ነበር። በጥር 2022 አሜሪካ ኢትዮጵያን ከአጎዋ ስታስወጣ ከምሰሶዎቹ አንዱ ተነቀለ። ቆዳችንን ወድደው መጡ የሚሉ ሰዎች ያስቁኛል።

አባ ሙግት፦ ጠቅላይ ሚኒስትር ጋብዞት መጣ ካልክ ነገሩ ፖለቲካ ነው ማለት ነው። አመሰግናለሁ።

የዱከም ሰው፦ የጋበዘው የእኛ መንግሥት ነው፤ ላከው ያልከው የእነርሱን ነው።

ተማሪ፦ የቴክኖ ስልክስ? እርሱ እዚህ የሚገጣጠመው ለእኛው ገበያ ነው፤ ከአጎዋ ጋር ምን አገናኘው?

ቀረጥ ፈታሽ፦ ይህም ያው የቀረጥ ጉዳይ ነው። የኤሌክትሪክ መኪናውን ተመልከት፦ ገንዘብ ሚኒስቴር ሙሉ በሙሉ ተገጣጥሞ ለሚገባው 15 በመቶ፣ በከፊል ለተገጣጠመው 5 በመቶ፣ ተበትኖ ለሚገባው ዜሮ የጉምሩክ ቀረጥ ወሰነ። ይህን ያነበበ ነጋዴ መገጣጠሚያ እንዲከፍት የቤጂንግ ትእዛዝ አያስፈልገውም።

አባ ሙግት፦ ብሎን ማጥበቂያ በለው እንጂ! ባትሪው ከዚያው፣ ሞተሩ ከዚያው።

ቀረጥ ፈታሽ፦ አልካድኩም። ዜሮ ያደረግነው ተበትኖ ለሚገባው ነው፤ እነርሱም በትነው አስገቡ። ኢንዶኔዥያ ማቅለጫውን ያስተከለችው ኒኬሏን ይዛ ነው። እኛ ባትሪው እዚህ እንዲሠራ ስንጠይቅ ምን ይዘን ነው የምንደራደረው? አንተ ቤጂንግን ጠይቅ፤ እኔ ይህን የምጠይቀው አዲስ አበባን ነው።