ከስድስት ጎራሽ ወደ ባለ ካዝና ሽጉጥ፦ ድሬዳዋ ላይ ከመግዛቴ በፊት ምን ልወቅ?

ጥያቄ — ገንደ ቆሬ

ሰላም ለሁላችሁ። ለሱቅና ለቤት ጥበቃ የያዝኩት ፈቃድ ያለው ስድስት ጎራሽ ሽጉጥ አለኝ። የሚሽከረከረው የጥይት ቤት ስለላላና መለዋወጫ ስለጠፋ በሌላ ልቀይረው ነው። ባለ ካዝና ሽጉጥ እስከ ዛሬ አላምንም ነበር። አንደኛ ይነክሳል፣ ማለትም ጥይት መሃል ላይ ይይዛል፣ ይባላል። ሁለተኛ ጥይት መጉረሱና አለመጉረሱ እንደ ስድስት ጎራሽ በዓይን አይታይም። ሦስተኛ የእኛ የድሬ አቧራ የትኛውንም ሞላ የሚምር አይመስለኝም።

አሁን ሁለት ቀርቦልኛል፤ አንዱ ያገለገለ ማካሮቭ፣ ሌላው «አዲስ የቱርክ» የሚሉት። የቱርኩ ዋጋ በጣም ይቀንሳል። ወረቀቱ እንዴት ይሄዳል? ስገዛ ምን ምኑን ልይ? ጥርጣሬዬስ ልክ ነው? አቦ ዝርዝሩን ስጡኝ፣ «ጥሩ ነው ግዛው» ብቻ አትበሉኝ።

መልስ — ሽንሌ መንገድ

ከወረቀቱ ልጀምር፣ ያለ እሱ ሌላው ሁሉ ከንቱ ነው። ጉዳዩ የሚመራው በጦር መሣሪያ አስተዳደርና ቁጥጥር አዋጅ ቁጥር 1177/2012 ነው፤ ተቆጣጣሪው የፌዴራል ፖሊስ ኮሚሽን ነው። አሁን በእጅህ ያለው ፈቃድ ለዚያ ለስድስት ጎራሹ ነው። ዓይነቱና ቁጥሩ ተጽፎበታል፤ ስለዚህ «ፈቃድ አለኝ» ብለህ ሌላ ሽጉጥ መያዝ አትችልም። ከሰው ጋር እጅ በእጅ መለዋወጥማ ጨርሶ አይታሰብ፤ ሁለታችሁንም ያስጠይቃል።

ብር ከመክፈልህ በፊት ፖሊስ ጋ ሂድና ልትቀይር መሆኑን አመልክት፤ የድሮው እንዴት እንደሚመለስ ወይም እንደሚተላለፍ በጽሑፍ አስነግር። ከሻጩ ደግሞ በራሱ ስም የወጣ ፈቃድ ጠይቅና ወረቀቱ ላይ ያለውን ቁጥር ሽጉጡ ላይ ካለው ጋር ፊደል በፊደል አስተያይ። ማካሮቭ ላይ ቁጥሩን አካሉ ላይም ስላይዱ (ከላይ ወደ ኋላና ወደ ፊት የሚንሸራተተው ክፍል) ላይም ታገኘዋለህ። ሁለቱ ካልተመሳሰሉ፣ ወይም ቁጥሩ ያለበት ቦታ በሞረድ የተነካ ከመሰለ፣ አመስግነህ ውጣ። «ወረቀቱ በኋላ ይስተካከላል» የሚል ሻጭ ካጋጠመህ ደግሞ ማመስገኑም ይቅር።

መልስ — ባለሞላ

ስለ ቱርኩ መጀመሪያ። ቱርክ ውስጥ ደህና ሽጉጥ የሚሠሩ ፋብሪካዎች አሉ፤ ካኒክ፣ ሳርሲልማዝ፣ ጊርሳን የታወቁ ናቸው። ችግሩ በርካሽ የሚዞረው ብዙ ጊዜ የእነሱ ሥራ አለመሆኑ ነው። ለድምፅ ብቻ የተሠራ ባዶ ጥይት ተኳሽ ሆኖ በኋላ ሰው እጅ የነካው ይሆናል። ስላይዱና አካሉ የሚቀለጠው ከዚንክ ቅይጥ ስለሆነ የእውነተኛ ጥይት ግፊት አይችልም። ስላይዱ ይሰነጠቃል፣ በርሜሉ ይፈነዳል፤ የሚጎዳው ደግሞ የያዘው ሰው ነው።

መለያው ቀላል ነው፦ ትንሽ ማግኔት ይዘህ ሂድ። የደህና ሽጉጥ ስላይድ ብረት ስለሆነ ማግኔቱ ጥብቅ ብሎ ይይዛል፤ ዚንክ ላይ ግን ይወድቃል። የአንዳንድ ሽጉጥ አካል አሉሚኒየም ወይም ፕላስቲክ ስለሚሆን እሱን አትፈትን፣ ስላይዱን ፈትን። ጎኑ ላይ «8 ሚሜ» ወይም «9 ሚሜ ፒ.ኤ.ኬ» የሚል ከተጻፈበት የባዶ ጥይት ነው፤ ዋጋ መጠየቅም አያስፈልግም።

ማካሮቭ ከሆነ ባዶ ክብደቱ 730 ግራም፣ ርዝመቱ 16 ሳንቲ ሜትር ያህል፣ ካዝናው 8 ጥይት ይይዛል። የሶቪየት ሥራ ነው፣ ሠራዊታቸው የተቀበለው በ1951 እንደ ፈረንጆች ነው። ስትመረምር እንዲህ ሂድ።

ካዝናውን አውጣ፣ ስላይዱን ወደ ኋላ ስበህ ያዝ፣ የጥይቱን ቤት በዓይንህ አይተህ በጣትህም ዳስ። ይህን ሻጩ ፊትህ ቢያደርገውም አንተ ድገመው። ከዚያ ፈታው፦ የምላጩን ከለላ ወደ ታች ጎትተህ ትንሽ ወደ ጎን ታጋድለዋለህ፣ ስላይዱን እስከ መጨረሻ ወደ ኋላ ስበህ የኋላ ጫፉን ብድግ ታደርገዋለህ፣ ከዚያ ወደ ፊት ይወጣል። የማካሮቭ በርሜል ከአካሉ ጋር የተጣበቀ ስለሆነ ከኋላ በኩል ወደ ብርሃን አድርገህ ውስጡን ታያለህ። አራት ጠመዝማዛ መስመር ጥርት ብሎ መታየት አለበት። ጥቂት ጥቁር ነጠብጣብ ብዙ አያሳስብም፤ ዙሪያውን የዞረ ጥቁር ቀለበት ካየህ ግን በርሜሉ አብጧል ማለት ነው። ያ የሚሆነው የአንድ ጥይት እርሳስ ውስጡ ቀርቶ ሌላ ሲተኮስበት ነው። ተወው።

ሞላዎቹን ደግሞ ተመልከት። ዋናው ሞላ ከእጀታው ውስጥ ያለው ጠፍጣፋ ብረት ነው። መዶሻውን የሚገፋውም እሱ፣ ታችኛው ጫፉ ካዝናውን የሚይዘው ምላስም እሱ ነው። ስለዚህ ካዝናው ላልቶ የሚንቀጠቀጥ ወይም በትንሽ ግፊት የሚወርድ ከሆነ ያው ሞላ ደክሟል፤ መርፌው ጥይቱን በደንብ ሳይመታ ጥይት ሊከሽፍብህ ይችላል።

ይህን ያለ ጥይት መፈተኛ አለ። ሽጉጡ ባዶ መሆኑን ሁለት ጊዜ አረጋግጥ፣ ገጥመህ መልሰው፣ አፈሙዙን ወደ ላይ አድርግና ላጲስ ያለው የመጻፊያ እርሳስ ላጲሱን ወደ ታች አድርገህ በርሜሉ ውስጥ ጣለው። መዶሻውን ወድረህ ምላጩን ሳብ፤ እርሳሱ ዘሎ መውጣት አለበት። ካቅማማ ወይም ባለበት ከቀረ ሞላው ደክሟል፣ አለዚያም የመርፌው ቀዳዳ ቆሽሿል። ቀጥሎ እርሳሱን መልሰህ ጣል፣ መዶሻውን ወድርና ሴፍቲውን (እንዳይተኩስ የሚቆልፈውን) ወደ ላይ ግፋ። ማካሮቭ ላይ ወደ ላይ ማለት ዝግ ነው፤ መዶሻው ይወርዳል ግን መርፌውን አይነካም፣ እርሳሱ ንቅንቅ ማለት የለበትም። ስላይዱም መሳብ እምቢ ይላል፣ ምላጩም ሥራ ያቆማል። ከሦስቱ አንዱ ካልሆነ ሴፍቲው ተበልቷል።

የመጨረሻው ካዝናው ነው። ጥይቱን የሚይዙት ሁለቱ ከንፈሮች እኩል መሆን አለባቸው፤ አንዱ የተከፈተ ወይም በፒንሳ የተጠገነ ከሆነ የሽጉጡ መንከስ ከዚያ ይጀምራል። ባዶውን ካዝና አስገብተህ ስላይዱን ስትስብ ወደ ኋላ ቆሞ መቅረት አለበት።

መልስ — ከዚራ ጥላ

ከባለሞላ ጋር በምርመራው እስማማለሁ፣ በምርጫው ግን አይደለም። ማካሮቭ የሚበላው 9 በ18 ሚሊ ሜትር ጥይት ነው፤ በብዛት የሚሠራው 9 በ19 አይገባበትም፤ የጥይቱ እርሳስ ስፋት ራሱ ይለያያል፣ አንዱ 9.27 ሌላው 9.01 ሚሊ ሜትር ነው። ፈቃዱ ከተፈቀደልህ ሲዜድ 75 ወይም ቤሬታ 92 ብትጠብቅ ይሻልሃል። ከብደው ስለሚመዝኑና በርሜላቸው ከስላይዱ ጋር ተቆልፎ ስለሚከፈት ርግጫቸው የለዘበ ነው፤ ማካሮቭ በትንሽነቱ እጅ ይመታል። ቶካሬቭ ግን ለጀማሪ አልመክርም። ሴፍቲ የለውም፤ ያለው መዶሻውን ግማሽ ላይ ማቆም ብቻ ነው፣ እሱም በአሮጌ ሽጉጥ ላይ አይታመንም።

መልስ — ባለሞላ

ከዚራ ጥላ፣ ለመተኮስ ያልከው ልክ ነው። ለአያያዝ ግን ሰውየው የለመደው ከባድ የመጀመሪያ የምላጭ ስበት ነው፤ ማካሮቭም መዶሻው ወርዶ ሳለ የመጀመሪያው ስበት ረጅምና ከባድ ነው፣ ከሁለተኛው ጀምሮ ይቀላል። ከስድስት ጎራሽ ለሚመጣ እጅ ይህ ይቀርባል። ጥይቱ የቱን ያህል ይገኛል የሚለውን ከመግዛቱ በፊት ይጠይቅ፤ ያላገኘውን ጥይት የሚበላ ሽጉጥ አይግዛ።

መልስ — የጀጎል በር

ሁለተኛው ጥርጣሬህ ሙሉ በሙሉ ልክ ነው፣ ማንም አያናንቅብህ። ስድስት ጎራሽ ሲከፈት ስድስቱም ይታያሉ። ባለ ካዝና ግን ካዝናው ወጥቶም በርሜሉ ውስጥ አንድ ጥይት ይቀራል። «ባዶ ነው» ተብሎ ሰው የሚመታው በዚህች በአንዷ ነው።

ቅደም ተከተሉን እጅህ ይልመደው፦ አፈሙዝ ወደማይጎዳበት፣ ጣት ከምላጩ ውጭ፣ መጀመሪያ ካዝና ይውጣ፣ ከዚያ ስላይዱ ሦስት ጊዜ ይሳብ፣ ከዚያ ወደ ኋላ ይዘህ እይና ዳስ። ከገለበጥከው፣ ማለትም መጀመሪያ ስላይድ ስበህ ቀጥለህ ካዝና ካወጣህ፣ ስላይዱ ሲመለስ ከካዝናው አዲስ ጥይት ያጎርሳል። አንተ ያወጣኸውን ጥይት መሬት ላይ እያየህ ሽጉጡ ጎርሶ ይቆይሃል። ስትሞላ 8 ከሆነ ስታራግፍም 8 ቆጥረህ አስቀምጥ፤ 7 ከሆነ ስምንተኛዋን ሳታገኝ ከቦታህ አትነሳ።

ጥያቄ — ገንደ ቆሬ

በጣም አመሰግናለሁ። ማግኔቱን ሞከርኩት፣ የቱርኩ ስላይድ ላይ ጭራሽ አልያዘም፤ ትቼዋለሁ። ሁለት ነገር ቀረኝ። አቧራውና ሙቀቱን እንዴት ልያዘው? ደግሞስ ጎርሶ ይቀመጥ ወይስ ሳይጎርስ?

መልስ — ባለሞላ

ድሬ ላይ ሽጉጥ የሚያስነክሰው ከአቧራው ይልቅ አቧራና ዘይት ሲቀላቀሉ ነው። ሰው ፈርቶ ዘይት ያፈሳል፣ የደቻቱ ወንዝ አሸዋ እዚያ ላይ ይጣበቃል፣ ስላይዱ ይለጠፋል። ዘይት የሚያስፈልገው ስላይዱ የሚንሸራተትበት ሐዲድ ላይ በግራና በቀኝ አንድ አንድ ጠብታ፣ በርሜሉ ላይ ሞላው የሚሄድበት ቦታ አንድ ጠብታ፣ ከዚያ በደረቅ ጨርቅ ጠርገህ ስስ ሽፋን ብቻ ማስቀረት ነው። ካዝናው ውስጥና የመርፌው ቀዳዳ ውስጥ ዘይት አይግባ፤ ደርቀው ይቀመጡ። ዘይት ጥይቱ ሥር ገብቶ ባሩዱን ያበላሸዋል፤ የመርፌው ቀዳዳ ውስጥ ደግሞ ይረጋና ምቱን ያለዝባል። ቆሻሻ ለማንሳት ነጭ ጋዝ ይሠራል፤ ግን እሱ ዘይቱን አብሮ ስለሚያጥብ ካደረቅህ በኋላ ስሱን ቀባ።

ሙቀቱ የሚጎዳው በላብ በኩል ነው። ወገብህ ላይ ከዋለ ማታ ማታ ጥረገው፤ የላብ ጨው በአንድ ሳምንት ዝገት ያወጣል። በቆዳ አፎት ውስጥ አታከማቸው፣ ቆዳ እርጥበት ይይዛል። ፀሐይ ላይ የቆመ መኪና ውስጥም አትተወው፤ ሌባውም አለ፣ ጥይቱም በተደጋጋሚ ሙቀት ይደክማል። ሐረር ያሉ ሰዎች ብርድ ስላላቸው ላቡ ይቀልላቸዋል፣ ዝናቡ ግን አይምራቸውም።

መልስ — የጀጎል በር

ቤት የሚቀመጥ ከሆነ ሳይጎርስ። የማካሮቭ መርፌ በሞላ አልተያዘም፣ ልቅ ነው፤ ጎርሶ አፈሙዙ ወደ ታች ሆኖ ጠንካራ ወለል ላይ ቢወድቅ ሊተኩስ ይችላል። በቁልፍ የሚዘጋ የብረት ሣጥን ግዛ፣ ግድግዳ ላይ በቡሎን እሰረው፣ ጥይቱን ሌላ ቦታ ቆልፍ። ልጆች ያሉበት ቤት ከሆነ ቁልፉ ካንተ ኪስ አይውጣ፤ ቁም ሣጥን ላይ፣ ትራስ ሥር የሚባለውን እርሳው።

አንድ ነገር ልጨምር፦ ያችኑ ጥይት ደጋግመህ አታቀባብል። ስላይዱ በመታት ቁጥር የጥይቷ እርሳስ ወደ ቀለሁ ውስጥ እየገባ ያጥራል፣ ግፊቱም ከልክ ያልፋል። ከሌሎቹ ጎን አቁመህ አስተያያት፤ አጥራ ካየሃት አትተኩሳት።

መልስ — ሽንሌ መንገድ

ልምምድ የሚባለው በተፈቀደ ዒላማ ቦታ ብቻ ነው። ሠርግ ላይና በዓል ላይ ወደ ሰማይ መተኮስ ወንጀል ነው፣ ፈቃድህንም ያስነጥቅሃል። እዚያ ስትሄድ እነዚህን ያዝ። ምላጩን ስበህ ከከሸፈ አፈሙዙን ከዒላማው ሳታነሳ 30 ሰከንድ ጠብቅ፣ ዘግይቶ ሊፈነዳ ይችላልና። ድምፁ «ጱ» ብሎ ለስልሶ ከወጣ ወዲያው አቁም፣ ካዝናውን አውጥተህ በርሜሉን ሳታይ ሁለተኛ አትተኩስ፤ ባለሞላ ያለው ጥቁር ቀለበት የሚመጣው ከዚህ ነው። ባዶው ቀለህ ቆሞ በስላይዱ ከተነከሰ ብዙ ጊዜ ጥፋቱ የእጅህ ነው፤ አንጓህን አላልተህ ይዘሃል። ስላይዱ የሚመታበት ጠንካራ ድጋፍ ካላገኘ ሙሉ መንገዱን አይሄድም። አጥብቀህ ይዘህም ከቀጠለ ያኔ ሞላውንና ጥይቱን ጠርጥር።

ጥያቄ — ገንደ ቆሬ

ማካሮቩን ከሻጩ ጋ ፈትቼ ስገጥመው ስላይዱ ግማሽ ላይ ቆሞ ቀረ፤ ሻጩ በጉልበት ሊያስገባው ሲል አስቆምኩት። የተበላሸ ነገር አለ?

መልስ — ባለሞላ

ደግ አደረግህ። ሁለት ነገር እይ። የመመለሻ ሞላው አንድ ጫፉ ትንሽ ጠበብ ያለ ነው፤ በርሜሉ ላይ መጀመሪያ የሚገባው እሱ ነው፣ ሲገባ ትንሽ ይይዛል። ተገልብጦ ከሆነ ሞላው እየተንሸራተተ ያውክሃል። ሁለተኛ፣ የምላጩ ከለላ ወደ ቦታው ተመልሶ ከሆነ ስላይዱን ያግደዋል፤ እንደገና ወደ ታች ጎትተህ ወደ ጎን አጋድለው። ከዚያ ስላይዱን ከፊት አስገብተህ እስከ መጨረሻ ወደ ኋላ ሳብ፣ የኋላ ጫፉን ሐዲዱ ላይ ጫነው፣ ለቀቅ አድርገው። ሁለቱን አስተካክለህም ከያዘ ሐዲዱ ላይ የተነሳ ብረት ወይም ስንጥቅ ፈልግ፤ ካገኘህ ሽጉጡን ለሻጩ መልስለት።