አምስት ሰው አነበበልኝ፣ አምስቱም የተለያየ ነገር አሉኝ። ማንን ልስማ?

ሌሊት ላይ

ሰላም ለሁላችሁ። ቀን ቀን የሂሳብ ሠራተኛ ነኝ። ጽሑፍ የምነካው ልጆቹ ከተኙ በኋላ ነው። ሦስት ዓመት ተኩል ስታገል ቆይቼ በቅርቡ የልብ ወለዴን የመጀመሪያ ረቂቅ ጨረስኩ። 312 ገጽ። የመጨረሻዋን አራት ነጥብ ሳሳርፍ ከሌሊቱ ስምንት ሰዓት ነበር። የምነግረው ሰው አልነበረም፣ ሁሉም ተኝቷል። ተነስቼ ዕቃ አጠብኩ።

ታሪኩ ባጭሩ ይሄ ነው። ሁለት እህትማማቾች አባታቸው ከሞተ በኋላ ቤቱን ለመሸጥ ይገናኛሉ። ለ11 ዓመት አልተነጋገሩም። ለምን እንደተኳረፉ አንባቢው የሚያውቀው ወደ መጨረሻው ላይ ነው።

ረቂቁን አትሜ ለአምስት ሰው ሰጠሁ። ጣጣው የመጣው ከዚያ በኋላ ነው።

ባለቤቴ «በጣም ቆንጆ ነው» አለኝ። ሌላ ቃል ብጠብቅ የለም። «ምኑ ነው ቆንጆ?» ስለው «ሁሉም» አለ። (እልባቱ አሁንም ምዕራፍ አራት ላይ ነው። አይቻለሁ።)

ታላቅ እህቴ ተቀየመችኝ። ትልቋን እህት እኔን አስመስለሽ ነው የሳልሻት ብላ። እግዜር ያሳያችሁ፣ ትልቋን የቀዳኋት ከራሴ ነው።

የሥራ ባልደረባዬ ምዕራፍ ሰባት ይውጣ አለች። እህትማማቾቹ ቤቱን ክፍል በክፍል የሚዞሩበት ምዕራፍ ነው፣ 26 ገጽ። ከሁሉም አብልጬ የምወደው እሱን ነው። እሷን ግን እንቅልፍ እንቅልፍ አላት።

የድሮ ጓደኛዬ ደግሞ ምዕራፍ ሰባት ብቻውን መጽሐፍ ይወጣዋል፣ ሌላውን ጣይው አለኝ።

አምስተኛው ጽሑፍ የሚያስተምር ሰው ነው። ገጹን ሁሉ በቀይ አድምቶ መለሰልኝ። ታሪኩ በትልቋ አንደበት በ«እኔ» ይተረክ፣ አባትየው አይሙት፣ መጨረሻው ይለወጥ። ያለውን ሁሉ ብፈጽም መጽሐፉ የእሱ እንጂ የኔ አይሆንም።

ይኸው ሁለት ሳምንት ሙሉ ፋይሉን አልከፈትኩትም። ስከፍተው አምስቱም ትከሻዬ ላይ ቆመው የሚያነቡ ይመስለኛል። እናንተ የጻፋችሁ፣ የቱን ትሰማላችሁ፣ የቱን ታልፋላችሁ? በምንስ ትለያላችሁ?

ቀይ ብዕር

እህቴ፣ መጀመሪያ እንኳን ደስ አለሽ። ጀምሮ የሚተው ሞልቷል፣ የሚጨርስ ግን ጥቂት ነው። እኔ 19 ዓመት የሰው ጽሑፍ ሳርም ኖሬያለሁ። የራሴም ሦስት አሉኝ። ስለዚህ በሁለቱም በኩል ተቀምጬ አይቼዋለሁ።

አንባቢ ቦታውን ያውቃል፣ ምክንያቱን ግን አያውቅም። ጣሪያ ሲያፈስ ውኃው የሚንጠባጠበው አልጋው ላይ ሊሆን ይችላል፣ ቀዳዳው ግን በሌላ በኩል ነው። ሁለተኛው መጽሐፌ ላይ ሦስት ሰዎች «ገጽ 140 ላይ ሰውየው ሲያለቅስ አላመንኩትም» አሉኝ። ለቅሶውን ስድስት ጊዜ ጻፍኩት። እንባ ጨመርኩ፣ እንባ ቀነስኩ። በኋላ ሳየው ችግሩ ገጽ 30 ላይ ነው። ወንድሙን እንደሚወድ በአንድ ዓረፍተ ነገር ተናግሬ አልፌያለሁ። ሁለቱን አንድ ክፍል ውስጥ አንድም ቀን አላስቀመጥኳቸውም። ታላቁ ታናሹን ፂም ሲላጭ የሚያስተምርበት ሁለት ገጽ ጨመርኩ። ለቅሶው መጀመሪያ የጻፍኩት እንዳለ፣ አንድ ቃል ሳይነካ ታተመ።

አሁን ወዳንቺ። የባልደረባሽና የጓደኛሽ አስተያየት የሚጋጭ መስሎሻል። ለኔ አንድ ነው። አንዷ «ምዕራፍ ሰባትን አውጪው» አለች፣ ሌላው «እሱን ብቻ አስቀሪ» አለ። ሁለቱም የነገሩሽ ምዕራፉ ከቀረው መጽሐፍ ጋር እንዳልተሰፋ ነው። ለምን እንዳልተሰፋ ግን ገጹን ስላላየሁ አላውቅም። እዚያ ምዕራፍ ውስጥ ከሁለቱ አንዷ የምትፈልገው ወይም የምትደብቀው ነገር አለ? ካለስ አንባቢው ያየዋል?

የባለቤትሽን ቃል ተዪው፣ እልባቱን ስሚ። ሰው በአፉ ይዋሻል፣ በእልባቱ አይዋሽም። ምዕራፍ አራት ሰልችቶት ነው።

ጽሑፍ የሚያስተምረውን በተመለከተ አትቸኩዪ። እኔ እንዲህ ነው የምለየው፦ አስተያየቱ ገጽሽ ላይ ያለ ነገር እያሳየሽ ነው ወይስ ከውጭ ነገር እያመጣልሽ? አሜሪካዊቷ ደራሲ ሀርፐር ሊ የመጀመሪያ ረቂቋን ለአሳታሚ የሰጠችው እ.ኤ.አ. በ1957 ነው። ባለታሪኳ አዋቂ ሴት ነበረች። አርታኢዋ ቴይ ሆሆፍ ያነበበችው ረቂቅ ውስጥ ሕይወት ያየችው ሴትየዋ ልጅነቷን በምታስታውስባቸው ገጾች ላይ ነው። ስለዚህ ታሪኩን ከልጅቷ ዓይን ጻፊው አለቻት። ከሁለት ዓመት በላይ ፈጅቶ በ1960 «ቱ ኪል ኤ ሞኪንግበርድ» ተብሎ ታተመ፣ በማግሥቱ ዓመት የፑሊትዘርን የሥነ ጽሑፍ ሽልማት ተሸለመ። የመጀመሪያው ረቂቅም በ2015 ስለወጣ ሁለቱን ጎን ለጎን አስቀምጦ ማየት ይቻላል። ሆሆፍ ከኪሷ ያመጣችው ነገር የለም። ልጅቷ እዚያው ነበረች።

እና ያንቺ ሰው «በእኔ ይተረክ» ያለው ልክ ሊሆንም ይችላል። የትልቋ ድምፅ ከተራኪው በላይ የሚሰማበት ገጽ አለ ወይ? ከሌለ እርሺው። «አባትየው አይሙት» ያለውን ግን ለራሱ መጽሐፍ ያስቀምጥ።

ያላሳተመው

ቀይ ብዕር ያለው ደስ ይላል፣ ግን አርታኢ ስለሆነ ነው እንዲህ የሚለው። ከሌላው ጫፍ ልናገር።

እኔ ሁሉንም የሰማሁ ሰው ነኝ። ስድስት ዓመት፣ ዘጠኝ ረቂቅ። አንዱ ጨምር ሲለኝ ጨመርኩ፣ ሌላው ቀንስ ሲለኝ ቀነስኩ። አንድ አሳታሚ (ስሙን አልጠራም) «የፍቅሩን ክፍል አሳድገውና እናትመዋለን» አለኝ። ስምንት ወር ፈጅቼ አሳደግኩት። ይዤ ስሄድ «አሁን የፍቅር ታሪክ በዝቷል» አሉኝ። ቤቴ ገብቼ ዘጠነኛውን ረቂቅ ሳነበው ማን እንደጻፈው አላውቅም። ክፋቱ የመጀመሪያውን ረቂቅ በላዩ ላይ እያስቀመጥኩ ስለሄድኩ መመለሻ የለኝም።

ስለ ሀርፐር ሊ ከተነሳ አሜሪካዊው የአጫጭር ልብ ወለድ ደራሲ ሬይመንድ ካርቨርም ይነሳ። አርታኢው ጎርደን ሊሽ አንዳንዶቹን አጫጭር ልብ ወለዶች ከግማሽ በላይ ቆረጣቸው። ካርቨር እ.ኤ.አ. በሐምሌ 1980 ሕትመቱ ይቁምልኝ ብሎ የልመና ደብዳቤ ጻፈለት። መጽሐፉ በ1981 ተቆርጦ ወጣ። ተጨበጨበለትም። ሳይቆረጥ የጻፈው የታተመው እሱ በ1988 ከሞተ ከብዙ ዓመት በኋላ፣ በ2009 ነው። የቱ ይሻላል ብላችሁ አትጠይቁኝ፣ ሰው እስካሁን ይከራከርበታል። እኔን የሚያንገበግበኝ ደብዳቤው ነው።

ስለዚህ እህቴ፣ ሁለት ነገር አድርጊ። ይሄንን ረቂቅ ቀን ጽፈሽበት የማይነካ ቦታ አስቀምጪው። ቀጥሎ አስተያየቶቹን ሳትከፍቺ በፊት መጽሐፉ ላንቺ ስለ ምን እንደሆነ በእጅሽ በአንድ ገጽ ጻፊ። ከዚያ ገጽ ጋር የሚጣላ አስተያየት፣ ከማንም ይምጣ፣ በሩ ላይ ይቁም።

አንባቢ ብቻ

እኔ አልጽፍም። ግን ጓደኞቼ ስለሚጽፉ ሁሌም «አንብቢልኝ» ይሉኛል። «ቆንጆ ነው» የምለው እኔ ነኝ፣ ይቅርታ አድርጉልኝ። የምለው የጸሐፊውን ዓይን ሳይ ነው። አጠያየቃችሁ ሌላ መልስ አያስገኝም።

«እንዴት አገኘሽው?» አትበሉን። «የት ላይ አስቀመጥሽው?» በሉን። «የቱን ዘለልሽ?» በሉን። አንድ ጓደኛዬ ደግሞ «ታሪኩን መልሰሽ ንገሪኝ» ትለኛለች። እየነገርኳት ዝም ብላ ትጽፋለች። የረሳሁት፣ ያምታታሁት ሁሉ ይያዝባታል። መጀመሪያ ፈተና መስሎኝ ተናድጄ ነበር፣ አሁን ለምጄዋለሁ።

ደግሞ አምስቱን በአንዴ መስጠትሽ አሳዘነኝ። አንድ ሰው መጽሐፍሽን ለመጀመሪያ ጊዜ የሚያነበው አንዴ ብቻ ነው። ሁለተኛው ረቂቅ ሲያልቅ ማን ሊያነብልሽ ነው? ሁለት ሰው ካልተነካ አስቀምጪ። (እኔ አለሁ፣ ባለ 312 ገጹን ግን በአንድ ቀን አላልኩም።)

ጆሮ ጠቢ

ስሜ አያስፈራችሁ። ጮክ ብሎ ማንበብ ነው የምወደው።

ሌሊት ላይ፣ ምዕራፍ ሰባትን በድምፅ አንብቢው፣ ወይም ስልክሽ ላይ ቅጂና መልሰሽ ስሚው። ሁለት ነገር የምትሰሚ ይመስለኛል።

አንደኛ «ነበር»። የኛ ቋንቋ ግሱን መጨረሻ ላይ ነው የሚያስቀምጠው። ስለዚህ ያለፈ ነገር ስንተርክ ዓረፍተ ነገሩ ሁሉ አንድ ዓይነት ጫማ አድርጎ ይሰለፋል። «ክፍሉ ጨለማ ነበር። መስኮቱ ተዘግቶ ነበር። አልጋው እንደተነጠፈ ነበር።» እኔ በአንድ ገጽ 23 ቆጥሬ አውቃለሁ፣ የራሴ ገጽ ነው። «በተዘጋው መስኮት ብርሃን አይገባም። አልጋው እንደተነጠፈ ነው» ብትዪው ያው ነገር ነው፣ አንባቢው ግን ክፍሉ ውስጥ ይቆማል። ቤት ክፍል በክፍል የሚዞር ምዕራፍ ደግሞ ለ«ነበር» የተመቸ ነው።

ሁለተኛው ይበልጥ ያሳስበኛል። ሁለት ሴቶች ብቻቸውን 26 ገጽ ያወራሉ። ወንድና ሴት ቢሆኑ «አንተ» እና «አንቺ» ብቻ ማን ለማን እንደተናገረ ይነግረን ነበር፣ «አለ» እና «አለች»ም ያግዛል። እህትማማቾች ሲሆኑ ሁለቱም «አንቺ» ናቸው፣ ሁለቱም «አለች»። ምልልሱ ሦስት አራት መስመር ከሄደ በኋላ አንባቢው ይጠፋል። ጠፋሁ አይልሽም። ሰለቸኝ ነው የሚልሽ።

እና ልጠይቅሽ፣ ታናሽየዋ ታላቋን ማን ብላ ነው የምትጠራት? እትዬ? በስሟ? ወይስ አትጠራትም? 11 ዓመት ለተኳረፈ ሰው ይሄ ትንሽ ጥያቄ አይደለም።

ሌሊት ላይ

ሦስት ሳምንት ጠፋሁ፣ ይቅርታ። የወር መዝጊያም ደርሶብኝ ነበር።

ያላሳተመው ባለው ጀመርኩ። አንዷን ገጽ ለመጻፍ አራት ሌሊት ፈጀብኝ። 312 ገጹን ስጽፍ እንደዚያ አልተሰቃየሁም። መጨረሻ ላይ የወጣው «ይቅርታ ለመጠየቅ የመጣች ሴት ሳትጠይቅ ስለምትመለስበት ቤት ነው» የሚል ነው። ቀሪውን ሰረዝኩት።

ከዚያ ባልደረባዬን ታሪኩን መልሰሽ ንገሪኝ አልኳት። እየሳቀች ጀመረች። ምዕራፍ ሰባት ጋ ስትደርስ የአባትየውን ቁምሳጥን ቁልፍ ኪሷ የከተተችው ታናሽየዋ ናት አለችኝ። ታላቋ ናት! መጽሐፉ በሙሉ የቆመው በዚያ ቁልፍ ላይ ነው። ጓደኛዬ ጋ ደወልኩ፣ ያ ምዕራፉን ያደነቀው። እሱ ጭራሽ «የምን ቁልፍ?» አለኝ።

ጆሮ ጠቢ፣ ምዕራፉን በስልኬ ቀድቼ በጆሮ ማዳመጫ ሰማሁት። እኔ ራሴ ጠፋሁ። የጻፍኩት እኔ! ታናሽየዋ በ26 ገጽ ውስጥ ታላቋን በምንም አልጠራቻትም። ሆን ብዬ ያደረግኩት አይደለም፣ አላሰብኩበትም። አሁን እስከ ገጽ 204 ድረስ ሆን ብላ አትጠራትም። «ስሚ»፣ «እስቲ ነይ»፣ እንዲህ እያለች ታመልጣለች። ታላቋ ቁልፉን ስትከት አይታ፣ «እትዬ» ትላታለች። አንዴ ብቻ። ከዚያ ወጥታ ትሄዳለች። ሁለት ገጽ ሙግት ነበረኝ፣ ሁሉንም አወጣሁት።

ጋሽ ቀይ ብዕር፣ ቦታው እርስዎ ያሉት ቦታ ነው፣ ጣሪያውም ፈስሷል። ስለ እልባቱ ግን ልንገርዎ።

ባለቤቴን «የት ላይ ነው ያስቀመጥከው?» አልኩት። ዝም አለ። ቆይቶ «አባትየው የተቀበረበት ላይ» አለኝ። የሱ አባት የሞቱት ሳንጋባ በፊት ነው። ስለሳቸው አውርቶልኝ አያውቅም ማለት ይቻላል። «እጁን ስታጥብለት ያለው ነገር አለ አይደል፣ እዚያ ጋ አልቻልኩም» አለኝ። ከዚያ እስከ ሌሊቱ ሰባት ሰዓት ስለ አባቱ አወራልኝ። እኔም የዚያን ሌሊት ምንም አልጻፍኩም።

ምዕራፍ አራትን አልነካውም።

ለእህቴ አዲሱን ምዕራፍ ሰባት ብቻ አትሜ ላክሁላት። መድረሱን አውቃለሁ። እስካሁን አልደወለችም።

ቀይ ብዕር

በእልባቱ ተሸንፌያለሁ። ለ19 ዓመት «እልባት አይዋሽም» እያልኩ ስንቱን ሰው ምዕራፍ አስቆርጬ ይሆን?

ጋሽ የሚለው ይቅርብኝ። ደግሞ ሁለተኛው ረቂቅ ሲያልቅ ዕቃ ሳታጥቢ በፊት እዚህ ንገሪን፣ በዚያ ሰዓት የማይተኛ ሰው እዚህ አይጠፋም።