ባሌስትራ ከቀየርኩ በኋላ መሪው ይንቀጠቀጣል፤ ነገ ጠዋት ቡና መጫን አለብኝ

የአባቱ ልጅ (ጠያቂ)፦ ወገኖቼ፣ ቶሎ ድረሱልኝ። የአባቴን አሮጌ ላንድ ክሩዘር ፒካፕ የድሮ ባሌስትራ (መኪናዋን የሚሸከሙትን ተደራራቢ የብረት ቅጠሎች) አውጥቼ አዲሱን ዓይነት፣ ቅጠሉ ጥቂት የሆነውን አስገባሁ። ንዝረት የሚያረግበው አሞርቲዛተርም የጋዝ ሆነ። መኪናዋ ከፍ አለች፤ ባዶዋን ስትሄድ ምቾቷ ልዩ ነው። ዛሬ ግን ከሰርቦ ወደ ጅማ ስመለስ በ60 ፍጥነት አንዲት ጉድጓድ እንደነካሁ የፊት ጎማዎቹ እስክስታ ወረዱ። መሪው ከእጄ ሊያመልጥ ደረሰ፤ እስክቆም ድረስም አልተወኝም። የገጠመልኝ ጋራዥ «ይለመዳል» ብሎ ሸኘኝ። ነገ ከአጋሮ ማዶ እሸት ቡና እጭናለሁ፤ በተለቀመበት ቀን ካልተፈለፈለ ጥራቱ ይበላሻል። ምን ላድርግ?

ሂርማታ፦ የመሪ አሞርቲዛተር ግዛና ግጠም። ያልቅለታል።

የአጋሮ ሰው፦ ጎማ ወረዳ መጥተህ ጎማ እንዳትጥልብን! መንገዳችን ጠመዝማዛ ነው፤ ሳታስተካክል አትምጣ ወንድሜ።

ጋሽ ባሌስትራ፦ ልጄ፣ ይህ መኪና የተሠራበትን ዓላማ እወቅ። የ40 ተከታታይ ላንድ ክሩዘር ከ1960 እስከ 1984 በፈረንጆች አቆጣጠር ሲመረት አራቱም እግሩ ባሌስትራ ነበር። ቶዮታ ራሱ በ70 ተከታታይ ፒካፕ ፊት ላይ ጥቅልል ሞላ ያስገባው በ1999 ነው፤ ኋላውን ዛሬም በባሌስትራ ይሠራዋል። ለምን? ጭነት ስለሚችል። ቅጠሎቹ ሲፋተጉ የሚያሰሙት ጩኸት ያስጠላህ ይሆናል፤ ያ ፍትጊያ ግን ንዝረቱን ያረግብልህ ነበር። አዲሱ ባሌስትራ መሐሉ ወፍራም፣ ጫፉ ቀጭን ነው፤ ቅጠሎቹ ከመሐልና ከጫፍ በቀር እርስ በርስ አይነካኩም። ስለዚህ ሥራው ሁሉ በአሞርቲዛተሩ ላይ ይወድቃል።

የሰቃ ልጅ፦ እኔ ከጥያቄው ጀምሮ አልስማማም። 20 ጆንያ ንጹሕ ቡና በ60 ኪሎ ስታስበው 1,200 ኪሎ ነው፤ እሸቱም ከዚያ አያንስም። ለዚህ ሸክም ምቾት ምን ያደርጋል? የአባትህን ባሌስትራ መልሰው፤ እሱ ያሳደገህ መኪና ነው።

የአባቱ ልጅ፦ ጋሼ፣ እናመሰግናለን፤ ከእርስዎ ተምሬያለሁ። የሰቃው ወንድሜ፣ የድሮው ሁለት ቅጠል ተሰብሮ ነበር፤ በቅንጦት አልቀየርኩትም። እናቴን ሐኪም ቤት የማመላልሰውም በዚሁ መኪና ነው፤ ወገቧ ያማታል።

ሂርማታ፦ የመሪ አሞርቲዛተር አልኩ እኮ።

ቶርኖ ቤት፦ ሂርማታ፣ እሱ በሽታውን ይሸፍናል እንጂ አያድንም። ጠያቂው፣ መኪናዋ ከፍ ያለችው በባሌስትራው ብቻ ነው? ወይስ ባሌስትራውን ከሻንሲው ጋር የሚያያይዘውን ማንጠልጠያ አስረዝማችኋል?

የአባቱ ልጅ፦ አዎ፣ የፊቱን በ5 ሳንቲ ሜትር አስረዝመነዋል። አስፈላጊ አልመሰለኝም ነበር።

ቶርኖ ቤት፦ ነገሩ እሱ ነው። የሳይክልን ሹካ ተመልከት፤ ወደ ኋላ ያዘነበለ ስለሆነ እጅህን ብትለቅ እንኳ ቀጥ ብሎ ይሄዳል። የመኪናህ የፊት ጎማ የሚዞርበት ፔርኖም እንዲሁ ትንሽ ወደ ኋላ ማዘንበል አለበት። በአንተ መኪና ማንጠልጠያው ከፊት በኩል ነው፤ ስታስረዝመው የባሌስትራው ፊት ወደ ታች ይወርድና አክሰሉ ወደ ፊት ይገለበጣል። 5 ሳንቲ ሜትር 2 ዲግሪ ገደማ ይወስድብሃል፤ የዚህ መኪና ዝንባሌ ደግሞ ከመጀመሪያውም ጥቂት ነው። ለዛሬ ማታ የድሮዎቹን ማንጠልጠያዎች መልሳቸው። ከፍታውን ከፈለግከው በኋላ በአክሰሉና በባሌስትራው መሐል ገብቶ ዝንባሌውን የሚመልስ የብረት ሽብልቅ እቆርጥልሃለሁ፤ አሉሚኒየም አትቀበል፣ ይሰነጠቃል። ደግሞ ፊቱን በክሪክ አንሣና ጎማውን ከላይና ከታች ይዘህ ወዝውዘው።

የአባቱ ልጅ፦ አሁን አነሣሁት። የግራው «ቀጭ» ይላል።

ቶርኖ ቤት፦ ሌላ ሰው ፍሬን ይርገጥልህና እንደገና ወዝውዘው። ድምፁ ከጠፋ የጎማው ኩሽኔታ ነው፤ ካልጠፋ የፔርኖው። የፔርኖው ከሆነ ነገ እንዳትጭን፤ ማንጠልጠያውን ብትመልስም አይበቃም።

የአጋሮ ሰው፦ ፍሬን ከተነሣ ልጨምር። አክሰሉ ተንጠልጥሎ ሳለ የፍሬኑን ጎማ ቱቦ እየው። የእኔ መኪና ከፍ ስትል ቱቦው እንደ ክራር ክር ተወጥሮ፣ ጫፉ ላይ ጎማው ተሰንጥቆ ውስጡ ያለው ነጭ ክር ይታይ ነበር። በጊዜ ያየሁት በአላህ ቸርነት ነው።

የሰቃ ልጅ፦ ይህን አላሰብኩም ነበር። እናትህን እግዚአብሔር ይማርልህ። የእኔ አይሱዙ ጠዋት ባዶ ናት፤ ቡናውን እኔ ላምጣልህ፣ ነዳጁን ብቻ ቻል።

ጋሽ ባሌስትራ፦ የማንጠልጠያውን ብሎኖች መኪናዋ በጎማዋ ከቆመች በኋላ አጥብቃቸው። በክሪክ ላይ ሳለች ካጠበቅካቸው ውስጡ ያለው ጎሚኒ (ላስቲኩ) ተጣሞ ይቀራል።

ቶርኖ ቤት፦ ማታ እስከ 3 ሰዓት በሬን ክፍት አድርጌ ጠበቅሁህ። ፍሬን ሲረገጥ ድምፁ ጠፋ ወይስ አልጠፋም? ሽብልቁን የምትፈልገው ከሆነ የባሌስትራውን ስፋት ለክተህ ጻፍልኝ።

የሰቃ ልጅ፦ ከንጋቱ 12 ሰዓት ጀምሮ አጂፕ ቆሜያለሁ። የት ነህ?