«ፖሌሚኮ» በእንግሊዝኛ ምን ይባል?

ከጅማ የቀረበ ጥያቄ፦ የስፔን ጋዜጣ አንድን ሕግ «ላ ፖሌሚካ ሌይ» ይለዋል («ሌይ» ሕግ ነው፤ «ፖሌሚካ» የ«ፖሌሚኮ» አንስታይ)። ወደ እንግሊዝኛ ሲመለስ «ፖለሚካል» ነው ወይስ «ኮንትሮቨርሻል»?

የሂርማታዋ ተርጓሚ፦ እኔ «ፖለሚካል» ብዬ አስረክቤአለሁ። «ፖሌሚኮ»ም «ፖለሚካል»ም ከግሪኩ «ፖሌሞስ»፣ ማለትም ከጦርነት የተወለዱ ናቸው። ወንድሙ እያለ ባዳ ቃል ምን ያስፈልገኛል?

የጅሬኑ የኩባ ተማሪ፦ ወንድማማች ሁሉ አንድ ጠባይ የለውም። ልጅነቴን የጨረስኩት በደርግ ዘመን ኩባ፣ ሁቬንቱድ ደሴት ላይ ነው። እዚያ «ፖሌሚኮ» ሰው የሚጨቃጨቅበት ነገር ሁሉ ነው፤ የቤዝቦል ዳኛ ውሳኔ ሳይቀር። እንግሊዙ «ፖለሚካል» የሚለው ግን ብዕሩን አሹሎ የሚሟገተውን ነው። ሕግ ያሟግታል እንጂ አይሟገትም። ሂርማታ ገበያ የቡናው ሚዛን «አከራካሪ ነው» ይባላል፤ «ተከራካሪ ነው» ያለ ይሳቅበታል። ልጄ፣ አንቺ ሕጉን ተከራካሪ አደረግሽው።

የሂርማታዋ ተርጓሚ፦ እሺ ጋሼ፣ ሕጉን ተውኩት። እዚያው ጽሑፍ ውስጥ ግን «ኡን ኤስክሪቶር ፖሌሚኮ» አለ። ጸሐፊ ይከራከራልም፣ ያከራክራልም።

የጅሬኑ የኩባ ተማሪ፦ እዚህ ላይ ረትተሽኛል። ስፓኒሹ ሁለቱንም በአንድ ቃል ሸፍኖ ያልፋል፤ እንግሊዝኛው «ምረጪ» ይልሻል። የሚቀጥለውን አንቀጽ አንብቢ፦ ሰውየው በጽሑፉ የሚሞግት ከሆነ «ፖለሚካል»፣ ሰው በእሱ ምክንያት የተከፋፈለ ከሆነ «ኮንትሮቨርሻል»።

የፈረንጅ አራዳው የሕግ ባለሙያ፦ «ኮንትሮቨርሻል»ን ንጹሕ ቃል አስመሰላችሁት። ስፓኒሹ ቅጽልን ብዙ ጊዜ ከስም በኋላ ያደርጋል፤ ጋዜጣው ከስሙ ፊት ሲያስቀድመው እኮ ፈርዷል። እኔ ብሆን ማን እንደተቃወመ ጽፌ ቅጽሉን እሰርዘው ነበር።

የሂርማታዋ ተርጓሚ፦ ተርጓሚ ነኝ እንጂ አርታኢ አይደለሁም። ጋዜጣው ከወገነ አንባቢዬም ወገንተኝነቱን ይየው።

የፈረንጅ አራዳው የሕግ ባለሙያ፦ ይሁን። «ኮንቴንሲዮሶ» ሲገጥምሽ ግን ተጠንቀቂ። የስፔን ሕግ ቁጥር 29 እ.ኤ.አ. 1998 «ኮንቴንሲዮሶ አድሚኒስትራቲቮ» የሚለው፣ ሰው የመንግሥት መሥሪያ ቤትን ፍርድ ቤት አቁሞ የሚሟገትበትን ሥርዓት ነው። በእንግሊዝኛ «ኮንቴንሸስ» ካልሽው ችሎቱን ጭቅጭቅ ወዳድ ነው አልሽው።

የሂርማታዋ ተርጓሚ፦ ጽሑፉን አሁኑኑ መልሱልኝ ብያለሁ። ገጽ 3 ላይ «ኮንቴንሸስ» አለ።